ዕዳ ሲከብድ፣ የጎደለ እምነት እንዴት ይሞላል?



ከገበያ ስንመለስ ስለ ቅቤና ስለ ቡና ዋጋ እንጨዋወታለን፤ ስለ ልጆቻችን ትምህርትም እንመካከራለን። ዕዳ ግን በጓዳ ይቀራል። ሚስት ከባልዋ፣ ባል ከሚስቱ፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ይሸሽገዋል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ይህን የተሸሸገ ጉዳይ ወደ ውይይት አምጥቶ፣ ችግር ያጎበጠው ቤተሰብ ዕዳውን እንዴት እንደሚከፍልና በአበዳሪም ሆነ በወዳጅ ዘንድ የነበረውን መታመን እንዴት እንደሚመልስ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ባለዕዳ ሁሉ አባካኝ አይደለም። የወላይታን ታሪክ ያየ ሰው ይህን በሚገባ ይረዳል። ብዙዎች ዋዱ በሚል አጠራር የሚያውቁት የእርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር መውሰድ በአካባቢው የተለመደ ነገር ሆኗል። ዝናሙ ሲስማማና ዋጋው ሲያምር ብድሩ ይከፈላል። በ1994 ዓ.ም. ግን የበቆሎ ዋጋ በአገሪቱ ክፉኛ ወደቀ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ድርቅ መጣ። ማዳበሪያውን በብድር የወሰደው ገበሬ ጠንክሮ ሠርቶና በቂ ምርት አምርቶም ባለዕዳ ሆኖ ቀረ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

የከተማው ነዋሪም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በሰፊው ተዘግቧል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱም የማዳበሪያ ዕዳ ከበጀት መቆረጡ ነበር። ደመወዙ ሲቀር የቤት ኪራይ አይቀርም፤ የልጅ ደብተርም አይቀርም። ስለዚህ ሠራተኛው ከሱቅ በዱቤ፣ ከዘመድ በብድር፣ አንዳንዱም ከአራጣ አበዳሪ እየወሰደ ወሩን ገፋ። በሠራተኛው ደመወዝ ላይ የምትተማመነው ጉልት ቸርቻሪም ገበያዋ ቀዘቀዘባት። የአንዱ ቤት ዕዳ የሌላውን ቤት በር የሚያንኳኳው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ችግሩ የማንም ይሁን የማን፣ ከወደቁበት መነሳት ግን የራስ ሥራ ነው።

መሸሽ ዕዳን አይቀንስም

ዕዳ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መንገድ መለወጥ ነው። በባለሱቁ ደጅ ማለፍ ይተዋል፤ ስልክ አያነሳም፤ ከዕቁቡ ስብሰባ ይቀራል። አበዳሪን የሚያስቆጣው ግን ብዙውን ጊዜ የገንዘቡ መዘግየት ሳይሆን የሰውየው መጥፋት ነው። ቀኑ ከማለፉ በፊት ቀርቦ «በዚህ ወር ይህን ያህል ብቻ እችላለሁ» የሚል ሰው ቅሬታ ሊገጥመው ይችላል፤ ታማኝነቱን ግን አላጣም።

ይህ ጉዳይ በተለይ በቡድን ዋስትና ለሚበደሩ እህቶች እጅግ ከባድ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ ኦሞ ባንክ የሆነው ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ፣ እንደ ሌሎቹ አነስተኛ የብድር ተቋማት ሁሉ፣ ቤትና መሬት ማስያዝ ለማይችሉ ሰዎች በቡድን ዋስትና ሲያበድር ቆይቷል። አንዷ መክፈል ሲያቅታት የቡድኑ አባላት ይጠየቃሉ። ስለዚህ የጠፋችው ሴት የጠፋችው ከባንኩ ብቻ አይደለም። የእሷን ዕዳ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው የሚከፍሉት ጎረቤቶችዋ ናቸው። ተቋሙ ሒሳቡን በመዝገቡ ይዘጋል፤ በሴቶቹ መካከል የተሰበረው ነገር ግን በመዝገብ አይጠገንም። በመሆኑም ችግር ሲመጣ ከሁሉ በፊት ሊነገራቸው የሚገባው ለቡድኑ አባላት ነው። እነሱ የከፈሉላችሁ ዕዳም ወለድ ባይኖረው እንኳ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ሊመለስ ይገባዋል።

ዕዳን በወረቀት ላይ ማስፈር

ሁለተኛው እርምጃ ዕዳን መቁጠር ነው። በልጆች ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው የአበዳሪውን ስም፣ በሁለተኛው ቀሪውን ገንዘብ፣ በሦስተኛው ወለዱን፣ በአራተኛው የመክፈያውን ቀን ጻፉ። በሐሳብ ብቻ ሲያዝ ተራራ መስሎ የሚታየው ዕዳ፣ ሲጻፍ ልኩ ይታወቃል።

ለምሳሌ ያህል በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ አንዲት እናት ይህን የመሰለ ዕዳ አለባት እንበል፦ ለብድር ተቋም ከነወለዱ 24,000 ብር፣ ለዕቁብ 6,000 ብር፣ ለባለሱቅ 3,000 ብር፣ ለዘመድ 5,000 ብር፤ በድምሩ 38,000 ብር። ከቤት ወጪዋ የሚተርፋት በወር 3,500 ብር ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ቃል ብትገባ ለማንም አትበቃም። ነገር ግን ዘመድዋን ስድስት ወር እንዲታገሳት ለምና፣ በየወሩ ለተቋሙ 2,000፣ ለዕቁቡ 1,000፣ ለባለሱቁ 500 ብር ብትከፍል፣ በስድስተኛው ወር የዕቁቡና የሱቁ ዕዳ ያልቃል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ለዘመድዋ 1,000 ብር እየከፈለች 500 ብር ታስቀምጣለች። በአሥራ አንደኛው ወር የዘመድዋ ዕዳ ይዘጋል። በመጨረሻው ወር ደግሞ ለተቋሙ ከከፈለች በኋላ የሚተርፋትን 1,500 ብር ትቆጥባለች። ዓመቱ ሲሞላ ዕዳዋን ሁሉ ከፍላ 4,000 ብር መጠባበቂያ ይኖራታል።

እርግጥ ነው፤ ወር ሁሉ እኩል አይደለም። ልጅ ይታመማል፤ ለቅሶ ይመጣል። ስለዚህ ቃል ስትገቡ በደህናው ወር ከምትችሉት ሳይሆን በክፉው ወር ከምትችሉት ተነሡ። አምስት መቶ ብር ብሎ አምስት መቶ መክፈል፣ ሺህ ብር ብሎ ሰባት መቶ ከመክፈል ይበልጣል። የጎደለ እምነት የሚሞላው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በቀኑ መከበር ነው።

ከአራጣ መጠንቀቅ

በዕዳ ላይ ዕዳ የሚጨምረው ዋነኛው ጠላት አራጣ ነው። አሥር ሺህ ብር በወር አሥር በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ይከፍላል፤ አሥሩ ሺህ ብር ግን እንዳለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከአሥራ ሁለት በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በዚህ ስሌት የአሥር ሺህ ብር ወለድ በዓመት ከ1,200 ብር አይበልጥም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። እንዲህ ዓይነት ዕዳ ያለባችሁ እህቶች ጉዳዩን ለሕግ ባለሙያ አሳዩ። በምንም ምክንያት ግን ገንዘቡ ባልተጻፈበት ወረቀት ወይም ቼክ ላይ አትፈርሙ።

አንዱን ብድር በሌላ ብድር መክፈልም እንዲሁ ያሳስታል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር በመተባበር በስልክ አነስተኛ ብድር መስጠት ከጀመረ ወዲህ መበደር ቀልሏል። ለሸቀጥ መግዣ ቢውል ይጠቅማል፤ የትናንቱን ዕዳ ለማስታገሥ ቢወሰድ ግን ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ መሸፈን ነው።

ሕጉ ለባለዕዳም ጥበቃ አለው

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ካልሆነም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ የሚረጋገጥ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል። ስለሆነም ስትበደሩም ስታበድሩም ጻፉ። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ዕዳው ሲያልቅ የፈረማችሁበት ወረቀት እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ሰው ሁለት ዕዳ ቢኖርባችሁ የትኛውን እየከፈላችሁ እንደሆነ በመክፈያው ጊዜ መናገር መብታችሁ ነው። ለሰው ዋስ ስትሆኑም ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ከፍተኛው ገንዘብ ያልተገለጸበት የዋስትና ውል በሕግ ዋጋ የለውም።

ተቀጣሪ የሆናችሁ እህቶችም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ዕወቁ። በአንድ ጊዜ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ገደብ የተቀመጠው ባለዕዳው ከፍሎ እንዲኖር እንጂ ከፍሎ እንዲራብ ስላልተፈለገ ነው። በቤታችሁ ዕቅድ ስታወጡም ይህንኑ ልክ ብትከተሉ ትጠቀማላችሁ።

በባንክ መዝገብ ያለ ስም

ቀድሞ የሰው ታማኝነት የሚታወቀው በሰፈሩ ነበር። ዛሬ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለ፤ አበዳሪዎች የተበዳሪዎቻቸውን ሁኔታ እዚያ ያስመዘግባሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ይመለከቱታል። በአንዱ ባንክ የተበላሸ ስም በሌላው ባንክ መስኮት ይታያል። የባንክ ብድር ክፍያ በጥቅሉ ዘጠና ቀን ካለፈው ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል። ስለዚህ ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ብድር ክፍሉ ሄዶ፣ የደረሰውን ችግር በጽሑፍ አስረድቶ፣ የመክፈያው ጊዜ እንዲስተካከል መጠየቅ ትልቅ ብልህነት ነው። የደመወዝ መዘግየት ከሆነ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ያዙ። ዕዳችሁን ጨርሳችሁ እያለ መዝገቡ ካልተስተካከለ ደግሞ የመዝጊያ ማስረጃችሁን ይዛችሁ አበዳሪው እንዲያርመው በጽሑፍ ጠይቁ።

ዕዳው ካለቀ በኋላ ወደ ትልቅ ብድር መሮጥ አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤት ወይም በቀበሌ ባለ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በየወሩ ያለማቋረጥ መቆጠብ፣ ቀጥሎም አነስተኛ ብድር ወስዶ በቀኑ መመለስ ስምን ያድሳል። ቤት የሌላት እናትም ተስፋ አትቁረጥ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ የልብስ ስፌት መኪናን፣ ሸቀጥንና ከብትን የመሳሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል።

ባልና ሚስት በአንድ ደብተር

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በቤት ውስጥ መተማመን ሲኖር ነው። ለቤተሰቡ ኑሮ ሲባል የተገባ ዕዳ በሕግ የባልና የሚስት የጋራ ዕዳ ነው። ስለዚህ ሚስት የማታውቀው ብድር፣ ባል የማያውቀው ዕቁብ አንድ ቀን ሁለቱንም ያስጠይቃል። የዕዳው ደብተር በሁለቱም ፊት ይከፈት። ልጆችም በዕድሜያቸው መጠን ይወቁ፤ ዘንድሮ አዲስ ጫማ ያልተገዛው ለምን እንደሆነ የተነገረው ልጅ ከሚጠበቀው በላይ ይረዳል። ከአበዳሪው ጋር አለመግባባት ቢፈጠርም ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የዕድር ሽማግሌዎች ቢገቡበት ብዙ ነገር ይቀላል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በወላይታ የጊፋታ በዓል ካለፈ በኋላ አባወራዎች ለመጪው ዓመት የሠንጋ መግዣ፣ እናቶች ደግሞ ለቅቤ መግዣ ጥቂት በጥቂት ማጠራቀም ይጀምራሉ። መስከረም ሲጠባ ሥጋው ከነቅቤው የሚገኘው በአንድ ቀን ሀብት ሳይሆን በዓመት ትዕግሥት ነው። የተጣላ የሚታረቀውም በዚሁ በዓል ነው። ለበዓል ዓመት ሙሉ መቆጠብ የሚያውቅ ቤተሰብ ለዕዳው ዓመት ሙሉ መክፈል አይሳነውም።

እንግዲህ እህቶች፤ ዛሬ ማታ ራት ከተነሣ በኋላ ደብተሩን አውጡ፤ አራቱን ዓምድ አስምሩ። ነገ ጠዋት ደግሞ ስትሸሹት ወደ ከረማችሁት አንድ አበዳሪ ሂዱ። ገንዘቡ ባይሞላም ቀኑን ነግራችሁት ተመለሱ፤ በነገራችሁት ቀንም ተገኙ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።