ዓሣው ተለቀቀ፤ ሰውዬውስ?

(«ሰው ያልረገጠው ባሕር» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

ባለፈው እትም «ሰው ያልረገጠው ባሕር» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግመን አንብበነዋል። አጻጻፉ ያምራል፤ ይህን አንክድም። ጓደኛችን በፊልም ያየውን የሕንድ ውቅያኖስ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ሲተርክልን፣ ስንቶቻችን የፈተናውን ጭንቅና የካፌውን ሽሮ ረስተን ጀልባው ላይ ተሳፍረን ነበር። ነገር ግን ያማረ ሁሉ እውነት አይደለም። ከጌጡ ሥር ሦስት አሳቦች ተቀምጠዋል። አንደኛ፣ ስፖርቱ ንጹሕ ነው፤ ዓሣው ተይዞ ይለቀቃልና። ሁለተኛ፣ ባሕሩ ንጹሕ ነው፤ ሰው አልደረሰበትምና። ሦስተኛ፣ አጥማጁ ንጹሕ ነው፤ ተፈጥሮን ይወዳልና። እኛ ሦስቱንም እንሞግታለን። ሁለተኛውን ግን ከሥሩ ልንነቅለው ተነሥተናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

ለዓሣው የሚገባውን ክብር አንነፍገውም። ስሙን ጃየንት ትሬቫሊ ይሉታል። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጥንታቸውን እየደረደሩ በሺህ ዓመታት የገነቡትን አለት ፈረንጆቹ ሪፍ ይሉታል፤ ይህ ዓሣ የዚያ ሰፈር ጉልበተኛ ነው። በ2006 በጃፓን፣ በቶካራ ደሴቶች አካባቢ የተያዘው 72.8 ኪሎ መዝኗል፤ ከብዙዎቻችን ይከብዳል ማለት ነው። በሲሼልስ፣ ፋርኳር በተባለው ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት፣ ከውኃ ዘሎ በአየር ላይ የሚበር ወፍ ሲቀልብ በ2017 በቢቢሲ ፊልም ታይቷል። አጥማጁ የቆሰለ ዓሣ የሚመስል ማባበያ ከሪፉ ዳርቻ ወርውሮ ውኃው ላይ ያንቦጫርቃል። ዓሣው መጥቶ ይውጠዋል፤ ወዲያው ወደ ኮራሉ ይሮጣል፤ ክሩ ስለታሙን አለት ከነካ ይበጠሳላ! ስለዚህ ሰውዬው በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ክሩን ሳያላላ በወገቡና በክንዱ መመከት አለበት። ትግሉ እውነተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ዓሣው ታቅፎ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይለቀቃልም። ጓደኛችን እንባ የተናነቀው እዚህ ላይ ነው።

ግን «ስፖርት» ምንድን ነው? እስቲ እንጠያየቅ። ቅርጫት ኳስ ስንጫወት ሁለቱም ቡድን ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ለዓሣው ማን ነገረው? ለእሱ ነገሩ የሞት የሽረት ነው። ታግሎ ታግሎ ጉልበቱ አልቆ ሲለቀቅ ሻርክ ይጠብቀው ይሆናል። መትረፉ የሚወሰነው ለምን ያህል ጊዜ እንደተጎተተና በምን ዓይነት እጅ እንደተያዘ ነው። ጠንቃቃዎቹ አጥማጆች ይህን ስለሚያውቁ ትግሉን ቶሎ ይጨርሳሉ፣ የመንጠቆውን እሾህ ይሞርዳሉ፣ ዓሣውን ከውኃ ውጭ ብዙ አያቆዩትም። መልካም፤ አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል ርኅራኄ ከተገኘ፣ በዚያው ባሕር ዳር ይኖር ለነበረው ሰው ስንት ተገኘ? ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጓደኛችን የባሕሩን ስም አልነገረንም። እኛ ግን በሕንድ ውቅያኖስ መካከል «ያልተነካ» እየተባሉ ከሚወደሱት ሪፎች ሁሉ ስሙ በቅድሚያ የሚነሣውን እንውሰድ፤ ቻጎስ። ከማልዲቭስ በስተ ደቡብ የተበተኑ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ዛሬ ፎቶግራፋቸውን ያየ ሁሉ «ሰው ደርሶበት አያውቅም» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች፣ በኋላም ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች እዚያ ሰፍረዋል። ኮኮናት ለቅመዋል፣ ልጠዋል፣ አድርቀዋል፤ ዘይቱ የሌላውን አገር መብራት አብርቷል። የራሳቸውን ክሪዮል ተናግረዋል፣ ጸሎት ቤት ሠርተዋል፣ ሙታናቸውን ቀብረዋል። የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ መንጠቆአቸውን ይዘው ወደዚያው ሪፍ ይወጡ ነበር። ዓሣውን የሚይዙት ለራት ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣቸውም አልነበረም።

ታዲያ የት ሄዱ? በኖቬምበር 1965 እንግሊዝ ደሴቶቹን ከሞሪሺየስ ቆርጣ «የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት» የሚል ስም ሰጠቻቸው። ሞሪሺየስ ነጻነቷን ያገኘችው ከዚያ በኋላ፣ በ1968 ነው። በ1966 እንግሊዝና አሜሪካ ተፈራረሙ፤ ትልቁ ደሴት ዲዬጎ ጋርሲያ ለጦር ሰፈር ተፈለገ። ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 የሚገመት ሕዝብ ከደሴቶቹ ተነቀለ። ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሞሪሺየስ የሄደው መመለሻ መርከብ ተከለከለ። የቀረው ኋላ ላይ ተጭኖ በሞሪሺየስና በሲሼልስ ወደብ ላይ ተራገፈ። በ1971 የዲዬጎ ጋርሲያ ሕዝብ ውሾች ተሰብስበው፣ ኮኮናት ይደርቅበት በነበረው ቤት ውስጥ በመኪና ጭስ ታፍነው ተገደሉ። ባለቤቶቻቸው ይህን እያወቁ ነው የተሳፈሩት። እንግዲህ «ሰው ያልረገጠው» የሚባለው ባሕር ይህ ነው። ሰው ረግጦታል፤ ከዚያ ዱካው እንዲጠፋ ተደረገ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ነገሩን በራሳችን ሙያ እንየው። በ1966 አንድ ከፍተኛ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ባለ ሥልጣን በማስታወሻው ላይ፣ ዓላማው የእኛ ሆነው የሚቀሩ አለቶች ማግኘት ነው፤ ከባሕር ወፎች በቀር ነባር ሕዝብ አይኖርም፤ ወፎቹም ገና ኮሚቴ የላቸውም ብሎ ቀለደ። ሌላው ባልደረባው መለሰለት፦ እንዳለመታደል ከወፎቹ ጋር ጥቂት ታርዛኖችና «ፍራይዴዮች» አሉ አለ። ፍራይዴይ ማን ነው? ዳንኤል ዴፎ በ1719 ባሳተመው «ሮቢንሰን ክሩሶ» ውስጥ ክሩሶ ያገኘው ሰው ነው። የእናት የአባቱን ስም ሳይጠይቅ የሳምንቱን ቀን ስም አወጣለት። እኛ ይህን መጽሐፍ የምናውቀው የጀብዱ ተረት ነው ተብለን ነው። እነሱ ግን መዝገብ ቤት ውስጥ ተጠቀሙበት፤ ሰውን ከሰውነት ወደ ገጸ ባሕርይ አውርደው ሲያበቁ ማፈናቀሉ ቀለላቸው። ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ሥራም ይሠራል፤ ልብ እንበል።

ታሪኩ በ1973 አላበቃም። በኤፕሪል 2010 እንግሊዝ በቻጎስ ዙሪያ 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ባሕር የተከለለ መሆኑን አወጀች። ለንግድ ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። ዓለም አጨበጨበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ይፋ የወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ ቴሌግራም ግን ሌላ ነገር ነገረን። በ2009 አንድ የእንግሊዝ ባለ ሥልጣን ለአሜሪካኖቹ፣ በደሴቶቹ ላይ «የሰው ዱካ» ወይም «ፍራይዴዮች» እንደማይኖሩ፣ ክልሉም የተፈናቃዮቹን የመመለስ ጥያቄ በተግባር እንደሚዘጋው ነግሯቸው እንደነበር ተጽፏል። አያችሁ! ያው ስም፣ ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ። ክሩሶን በዚያ ሁሉ ብቸኝነቱ አንቀጥቅጦ ያስደነገጠው አሸዋ ላይ ያየው አንድ የሰው ዱካ ነበር።

እዚህ ላይ ዓሣ አጥማጁ ተመልሶ ይመጣል። ክልሉ ሲታወጅ ዲዬጎ ጋርሲያና በዙሪያዋ ያለው ሦስት የባሕር ማይል ከእግዱ ውጭ ተደረገ። የጦር ሰፈሩ ሰዎች ለመዝናኛ ማጥመድ ይችላሉ። የዕረፍት ቀኑን ያገኘ ወታደር በጀልባ ወጥቶ ቱና፣ ዋሁ፣ ትሬቫሊ ሲጎትት ይውላል። በዚያች ደሴት የተወለደችው አሮጊት ግን ፖርት ሉዊስ ወይም እንግሊዝ አገር ተቀምጣ ዓሣ ከገበያ ትገዛለች። ዓሣውን ለጨዋታ የሚይዘው ተፈቀደለት፤ ለእንጀራው ይይዝ የነበረው ተከለከለ። ይህን ምን ብለን እንጠራዋለን? የተፈጥሮ ፍቅር?

ከመፋረድ በፊት የሌላውን ወገን ቃል መስማት ይገባል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ክልሉ የታወጀው ተፈናቃዮቹን ለማስቀረት ሲባል ነው የሚለውን ክስ አልተቀበሉትም፤ የመጨረሻው ውሳኔ በ2018 የተሰጠ ነው። በሌላ በኩል በ2015 በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ መሠረት የተሰየመ የግልግል ጉባኤ፣ አዋጁ የሞሪሺየስን መብት ሳያከብር የወጣ በመሆኑ ሕጉን ይጥሳል ብሏል። የልብ አሳባቸውን ለዳኞች እንተው። እኛ የምንመለከተው ማን በባሕሩ ላይ ክር እንደጣለና ማን እንዳልጣለ ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የልብ መርማሪ አያስፈልግም።

«ታዲያ ሪፉ ይጥፋ ትላላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! ሪፍ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ከማን? በ2015ና በ2016 የቻጎስ ውኃ ከልክ በላይ ሞቆ ኮራሉ ነጣ፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ የነበረውም በብዛት ሞተ። ያን ሙቀት የላከው የክሪዮሉ መንጠቆ አልነበረም። ሙቀቱ የመጣው ከፋብሪካውና ከሞተሩ አገር ነው። በላዩ ላይ ላጉኑን ቆፍሮ ለጦር መርከብ ያሰፋ፣ ኮራል ፈጭቶ የአውሮፕላን ማረፊያ የሠራ ማን ሆነና ነው ጥፋቱ በድሃው አጥማጅ የሚላከከው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

«ይህስ ለእኛ ምናችን ነው? ባሕር እንኳ የለን» የሚልም ይኖራል። አለን ግንኙነት። አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ በ1977 ተዘጋ፤ ከዚያ በፊት የባሕር ኃይሉን የሬዲዮ ሥራ ተረክባ የቆየችው ይህችው ዲዬጎ ጋርሲያ ናት። ሰዎቹ የተነቀሉላት ደሴትና ቃኘው የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ነበሩ። ጉዳዩ በ2018 ዘ ሄግ ለዓለም ፍርድ ቤት ሲቀርብም መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ቆሞ ተከራክሯል። በፌብሩዋሪ 2019 ፍርድ ቤቱ፣ ቻጎስን ከሞሪሺየስ መቁረጥ ሕጋዊ አልነበረም፤ እንግሊዝ አስተዳደሯን በተቻለ ፍጥነት ታብቃ የሚል አስተያየት ሰጠ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህንኑ በ116 ድምፅ ለ6 ደገፈ። በሜይ 2025 ሁለቱ መንግሥታት ሉዓላዊነቱ ለሞሪሺየስ እንዲሆን፣ ዲዬጎ ጋርሲያ ግን ለ99 ዓመት ለጦር ሰፈሩ እንድትቆይ ተፈራረሙ። ከተፈናቃዮቹ ብዙዎች ደግሞ «እኛን ማን ጠየቀን?» ብለው ተቃወሙ። እውነታቸውን ነው። ስለ እነሱ ሲዋዋሉ ለሁለተኛ ጊዜ ከጠረጴዛው ውጭ ቀሩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከነዚህ ተፈናቃዮች አንዱ፣ በሕፃንነቱ ከፔሮስ ባንዮስ የወጣው ኦሊቪዬ ባንኩል፣ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ጨርሷል፤ በ2022 የሞሪሺየስ መንግሥት በተከራየው መርከብ ሄዶ የተወለደበትን አሸዋ ረገጠ። እንግዲህ ዱካው ተመለሰ።

ጓደኛችንን የምንከሰው ዓሣ ስለወደደ አይደለም። እኛም ፊልሙን ብናይ እንደሱ አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር። የምንከሰው «ሰው ያልረገጠው» የሚለውን ቃል ሳይመረምር ስለጻፈ ነው። ቃሉን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ተቀብሎ አሳለፈው እንጂ። ጋዜጠኛው ከአስጎብኚው ይቀበላል፣ አስጎብኚው ከባለ ሥልጣኑ፣ እኛም ከፊልሙ፤ እንዲህ ሲቀባበሉት አንድ ሕዝብ በሰዋስው ይጠፋል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኛም ስለ አንድ ዓሣ ልንጽፍ ተቀምጠን ዘንዶውን አወጣነው።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት የምንጽፍ ሁሉ አንድ ነገር እንስማማ። ባዶ ባሕር፣ ባዶ ደን፣ ባዶ ምድር ብለን ከመጻፋችን በፊት ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። መልሱን ካጣን ቅጽሉን እንተወው። ጓደኛችን የሚለው ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን፤ ገጹ ክፍት ነው፤ እኛም እንጠብቃለን።