ሸክማችንን እናቅልል፣ እግራችንን ግን አንበድል



የጀመዓችን የእግር ጉዞ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንዱ «ደህና የጉዞ ቦርሳና የተራራ ጫማ የሌለው ባይመጣ ይሻላል» ይላል። ሌላው «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አገር አቋርጠዋል፤ ይህ ሁሉ የዕቃ ጣጣ ኢስራፍ ነው» ይላል። የመጀመሪያው አቅም የሌለውን ወንድማችንን ግቢ ያስቀረዋል። ሁለተኛው እግር ያቆስላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ጀማሪ ተጓዥ ገንዘብ ካለው እግሩ ላይ ያውለው፤ የቀረውን ከዶርሙ፣ ከቤቱና ከሰልባጅ ተራ ያሟላው፤ ከሁሉ በፊት ግን ዕቃ መተው ይልመድ እንላለን።

ይህን የምንለው ተሳስተን ስለተማርን ነው። ባለፈው ኅዳር ከቡሬ ተነሥተን በማንኩሳ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም በእግር ሄድን። አስፋልቱን ትተን የገጠሩን መንገድ ስለያዝን አንድ ሌሊት አድረን በማግስቱ ነው የገባነው። በቆሎው ተሰብስቦ፣ በርበሬው በየደጁ ቀልቶ ተሰጥቶ ነበር። አገሩ ያማረ ነው፤ እኛ ግን ግማሹን መንገድ አንገታችንን ደፍተን ስለሄድን ብዙም አላየነውም። አንዱ ወንድማችን ከዘመድ በተዋሰው ትልቅ ቦርሳ ቡልኮ፣ ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ድስት፣ ላፕቶፕና ለፈተና የሚያነበውን ሞጁል ሁሉ አጭቆ መጣ። ሌላው ከሁለት ቀን በፊት የገዛውን አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር። ዙሁር ሳይደርስ የአንዱ ትከሻ ቀላ፣ የሌላው ተረከዝ ውሃ ቋጠረ። የባለ ቡልኮውን ዕቃ ለስምንት ተከፋፍለን ማንኩሳ ገባን። ማታ ቦርሳውን ፈትተን ስንቆጥር ግማሹ ዕቃ እስከ መጨረሻው ያልተነካ ነበር። ላፕቶፑማ ከነጭራሹ አልተከፈተም።

ከጓዝ የተነሣ በዚህ መንገድ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ1933 ዓ.ም. በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር ከሱዳን ተነሥቶ ከአርበኞቻችን ጋር ወደ ቡሬ ሲገሰግስ፣ ጓዙን የጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር። የቆላ እንስሳ የጎጃምን ዳገት፣ ብርድና ድንጋይ አልቻለምና አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ሸክም በተሸካሚውና በአገሩ ልክ መሆን አለበት።

የአገሩ ሰው ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ማንኩሳን ከክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የማያውቃት አንባቢ ጥቂት ነው። በዚያ አገር የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ከደብር ደብር ይዞር ነበር። የኛም ደረሳ ኪታቡንና ጥቂት ስንቁን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ በእግሩ ተጉዟል። ሁለቱም ተማሪዎች ነበሩ፣ ሁለቱም ድሆች ነበሩ፣ ሁለቱም ቀላል ሸክም ይዘው ሩቅ ሄደዋል። ከባዱን ጭነት በባሶ ገበያ ይነግዱ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች እንኳ ለበቅሎና ለአህያ ነው የሰጡት። አላህ በሱረቱ ነሕል እንስሳት ሸክማችንን የሚያደርሱልን መሆኑን ከጸጋዎቹ ጋር ቆጥሮልናል። በቅሎ ከሌለን ሸክሙን መቀነስ ነው።

ስንት ይበቃል? በእግር ጉዞ ልምድ ያላቸው ሰዎች የተጓዡ ሸክም ከሰውነቱ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። 55 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ቢበዛ 11 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ግን ጣሪያው ነው። ለአንድ ሌሊት ጉዞ ውሃውን ጨምሮ 7 ኪሎ ይበቃል። እንዴት እናውቃለን ለሚል፣ እህል ነጋዴ ዘንድ ሚዛን አለ። በግምት «ቀላል ነው» ማለት ዶርም ውስጥ ቆሞ ነው፤ አንድ ዳገት ከወጡ በኋላ ቃሉ ይለወጣል።

ሸክሙ 7 ኪሎ ከሆነ ውድ ቦርሳ አያስፈልግም። ትልቁ ባለ ብረት ቦርሳ ባዶውን ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ሰፊ በመሆኑም ያልታሰበ ዕቃ ይጠራል። በየቀኑ ክፍል የምንይዘው የላፕቶፕ ቦርሳ፣ ማንገቻው ሰፊና ስፌቱ ጠንካራ ከሆነ፣ ለጀማሪ ይሆናል። ማንገቻዎቹ ከትከሻ እንዳይንሸራተቱ ደረት ላይ በገመድ ወይም በቁራጭ ጨርቅ ማያያዝ ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ከፍ ይበል፤ ለስላሳው ከታችና ከውጭ ይሁን። ለዝናብ የቦርሳ ልብስ ከመግዛት ዕቃውን ውስጥ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሎ መክተት ይሻላል። ትልቅ ቦርሳ መግዛት የግድ ከሆነ ግን ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ያለው ይሁን፤ ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚያወርደው እሱ ነው።

ጫማን በተመለከተ ግን ቁጠባ አናውቅም። «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው» የሚለውን ወንድም እዚህ ላይ አጥብቀን እንቃወማለን። ጎጃም ውስጥ እግራቸው አብጦ፣ ቆዳቸው ሻክሮ የሚኖሩ አርሶ አደሮች አሉ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆኔ ዓይነት ነው። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ ያለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግርን ሲነካ የሚያመጣው ነው። መከላከያው ሁለት ነገር ነው፦ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ። ባዶ እግር የድህነት ዕዳ እንጂ የጀግንነት ምልክት አይደለም። እኛ በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ እግራችንን የምናጥብ ሰዎች ነን፤ በመታጠቡ ላይ ጫማውን እንጨምርበት።

ጥሩ ጫማ ማለት ግን ውድ ጫማ ማለት አይደለም። ሶሉ ጭቃ የሚይዝ፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከፊት ለአውራ ጣት ቦታ የሚተው ይሁን። እግር ሲሄድ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞው ከምናደርገው ካልሲ ጋር እንለካው። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ እንልመደው። ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ እንያዝ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ቦርሳ ላይ ይድረቅ። ጥፍራችንን ከመነሣታችን በፊት እንቁረጥ። ይህ ሱና ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ከጫማ ጋር ተጋጭቶ እንዳይጠቁርም ይጠቅማል። ተረከዝ ገና «ቃጠል» ሲያደርግ ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። «ትንሽ ልሂድና» የሚል ሰው ማታ ያነክሳል።

በልብስ በኩል ጂንስ ይቅር። ሲረጥብ ይከብዳል፣ አይደርቅም፣ ጭን ይፍቃል። ሰልባጅ ተራ ሰፋ ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ ፖሊስተር ሱሪና ስስ ሹራብ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። አንድ የሚለበስ፣ አንድ ለማታ የሚቀየር ልብስ ይበቃል። ለመኝታ ቡልኮውን ትተን ጋቢ እንያዝ። ጋቢ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ጠዋት ካባ፣ በሶላት ሰዓት መስገጃ ነው። ጥጥ ስለሆነ ግን ከረጠበ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከላስቲኩ አይውጣ። የተለየ መስገጃና የቂብላ መጠቆሚያም አያስፈልግም። ከእኛ አገር መካ በሰሜን በኩል ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ናት፤ የጠዋት ፀሐይን በስተቀኝ ያደረገ ሰው ወደ ቂብላ አካባቢ ዞሯል። ብረት መርኩዝ ለመግዛት የምናስብም አንቸገር፤ የጎጃም ሰው ዱላ ለዳገቱም ለውሻውም ይሆናል።

ስንቅ ለእኛ ከሌላው ተጓዥ የተለየ ጉዳይ አለው። የምንሄድበት ገጠር አብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ እንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ ነው፤ ሥጋውን ግን አንበላም፣ ጠላውንም አንጠጣም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር የያዘ ሰው አስተናጋጁን አያስቸግርም፣ ራሱም አይቸገርም። በሶ በትንሽ ውሃ ይበጠበጣል፤ እሳትም ድስትም አይጠይቅም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ሽሮ የጾም ስለሆነ አብረን እንቆርሳለን። ለምናድርበት ቤት ጥቂት ቡና መያዝ አይከብድም፤ ባዶ እጅ ከመግባት ያድናል።

ውሃ ግን ከባድ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ሁለት ሊትር ይዞ መነሣትና በየምንጩ መሙላት ይበቃል፤ ለመጠጥ የሚሆነውን በ«ውሃ አጋር» ማከም ነው። ለውዱእ ብዙ ውሃ አንሸከም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ማለትም ሁለት እጅ በሚሞላ እፍኝ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል፤ ይህ ከአንድ ሊትር ያንሳል። ተየሙም ውሃ ላጣ ሰው እንጂ መሸከም ለሰለቸው አይደለም። በውዱእ የተደረገ ኹፍን ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ተፈቅዷል። በካልሲ ላይ ዑለማዎች ስለሚለያዩ ግን ከመውጣታችን በፊት ኡስታዛችንን እንጠይቅ። ሶላት ማሳጠርም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ዑለማዎች 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሉ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም መንገድ ለእኛ ቀስር አያመጣም። ዲናችን ያቀለለልንን እንያዝ፤ ያላቀለለውን በራሳችን አናቅልል። ያበሰም ቢሆን ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ።

እህቶቻችን «ለእኛስ?» ብለው ጠይቀውናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አድሮ መመለስን በሚመለከት የመሕረምን ጉዳይ ለኡስታዞች ትተን፣ እርስ በርሳቸው ተሰባስበው ጠዋት ወጥተው ከዐሱር በፊት የሚመለሱበት ጉዞ ግን ሊዘጋጅላቸው ይገባል እንላለን። ወፍራም ዐባያ ሙቀትና ክብደት ነው፤ ስስ ሆኖ የማያሳይ፣ እርምጃ የማይዝ ሰፊ ቀሚስ ከውስጥ ሱሪ ጋር ይሻላል። ማንገቻው የሒጃቡን ጫፍ ከያዘው በእያንዳንዱ እርምጃ አንገት ይስባል። ቦርሳው መጀመሪያ ይታንገት፣ ሒጃቡ ከላይ ይውደቅ።

እንግዲህ ለጀመዓችን ሹራ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለሁሉም የሚሆነው ዕቃ ማለትም አንድ ሸራ፣ አንድ ጀበና፣ አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ከረጢትና ሁለት ባትሪ በጀመዓው ስም ይገዛ፤ በየተራ እንሸከመው። ሁለተኛ፣ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ከዒሻ በኋላ የሁሉም ቦርሳ ይመዘን። ከልኩ ያለፈው እዚያው ይፈታ፤ ማንም አይፈርበትም። ሦስተኛ፣ «የተራራ ጫማና ቦርሳ ያለው ይመዝገብ» የሚለው ማስታወቂያ ዳግም አይለጠፍ። ደህና ጫማ የሌለው ወንድም ካለ ጀመዓው ይግዛለት። ለአንድ ትልቅ ቦርሳ ልናወጣው ከነበረው ገንዘብ የሚተርፍ ካለ፣ በመንገዳችን ላይ ባዶ እግሩን ከብት ለሚጠብቅ ልጅ ጫማ ይሁን። ሰደቃውም እዚያው መንገዱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከዕቃም ከስንቅም ይቀድማል። የመንገዱን ሰላም ሳናጣራ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ሳንጠይቅ፣ ለቤተሰብና ለግቢው ሳናሳውቅ እግራችንን አናንሣ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር፤ ተራራው የትም አይሄድም። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ለአገሩም ለተጓዡም ስሙን አላህ እውነት ያድርገው።

በሚቀጥለው ጉዞ ከማንኩሳ በኋላ ያለውን አገር ቀና ብለን እያየን እንደምናልፈው ተስፋ እናደርጋለን፤ ኢንሻአላህ። ወሏሁ አዕለም።