ከአውሬ ጋር የተናከሰች ድመት ስትታመም ጉዳዩ የማን ነው?

አይጥ እንድትጠብቅ ጎተራ ሥር የምትኖር ድመት ሌሊት ከቀበሮ ወይም ከሌላ አውሬ ጋር ተናክሳ፣ ቆስላ ብትመለስ በገጠሩ ኑሮ እንደ ትልቅ ነገር አይታይም። ቁስሏ ይሽራል፤ ነገሩም ይረሳል። ከ1 ወይም ከ2 ወር በኋላ ግን ያችው ድመት ምግብ እምቢ ስትል፣ ጨለማ ጥግ ስትሸሸግና አብሯት ያደገውን ልጅ ስትነክስ ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። «ምን ነካት?» ይባላል እንጂ ያንን የሌሊት ጠብ የሚያስታውስ አይገኝም። ይህ ሁኔታ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የቀበሌና የገበሬ ማኅበር መሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

በቅድሚያ ግን ቁስለኛ ድመት ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ይዟታል ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። የአውሬ ጥርስና ጥፍር የነካው ቁስል ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል፤ መግል ይቋጥራል። ድመቷም ታተኩሳለች፤ መብላትም ትተዋለች። ይህ በእንስሳት ሐኪም እጅ የሚድን ሕመም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አካሄድ ከዚህ የተለየ ነው። በንክሻው ጊዜ ከአውሬው ለሃጭ ጋር የገባው ቫይረስ የነርቭን መስመር ተከትሎ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ያመራል። በመሆኑም ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሕመሙን እንቆቅልሽ የሚያደርገው እንግዲህ በጠቡና በምልክቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ነው።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ይህ በሽታ ግን ዓመሏን ያስረሳታል። ለማዳ የነበረችው ትቆጣለች፤ ዱር ለዱር ትል የነበረችው ደግሞ ያለ ፍርሃት ሰው ትጠጋለች። ድምፅዋ ይለወጣል፤ መዋጥ ያቅታታል፤ ለሃጯ ይዝረበረባል፤ የኋላ እግሮቿ ይሰንፋሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላ ትሞታለች። መድኃኒት የለውም።

አደጋው የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። መዋጥ ያቃታትን ድመት ያየ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮባት ይሆናል» ብሎ አፏን ከፍቶ ጣቱን ይከታል። በላምና በበሬ ላይም ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጸማል። ለሃጩ የሚዝረበረብ ከብት ሲታይ ጉሮሮው ላይ የቆመውን ለማውጣት እጅ እስከ ክርን ይገባል። በእጅ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ለቫይረሱ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሃጩ የሚዝረበረብ እንስሳ አፍ ውስጥ ማንም እጁን መክተት የለበትም።

አውሬውስ በሽታውን ከየት አመጣው? ብዙ ሰው ምንጩ ዱር ይመስለዋል። የባሌ ተራሮች ታሪክ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። በዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በተነሳው ወረርሽኝ ከአካባቢው ቀይ ቀበሮዎች ከ4ቱ 3ቱ ገደማ አልቀዋል። ወረርሽኙ ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በኋላ እንደገና ተከስቷል። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ ያዛመቱት ያልተከተቡ የመንደርና የእረኛ ውሾች መሆናቸው በጥናት ተረጋግጧል። በዚህ የተነሳ በዚያ አካባቢ ውሾችን መከተብ የቀይ ቀበሮው ጥበቃ ዋና ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ ተጀምሯል። ከዚህ የምንረዳው የመንደሩ ውሻ ለአውሬው የሰጠውን በሽታ አውሬው በድመትና በከብት በኩል መልሶ ወደ መንደር ሊያመጣው እንደሚችል ነው። አውሬን ማሳደድ ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የጉዳዩን ክብደት አኃዞችም ያስረዳሉ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 ከመቶው በውሻ አማካይነት ነው። አጠራጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 ከመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች በቅደም ተከተል ሲለዩ የእብድ ውሻ በሽታ አባ ሰንጋን እንኳ ቀድሞ አንደኛ ሆኗል። በውሻ ምክንያት የሚደርሰውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ዓለም አቀፍ ግብ ተይዟል። ግቡ የሚመታው ግን በየመንደሩ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 ከመቶው ሲከተቡ ነው፤ ለዚህም በየቤቱ ስንት ውሻና ድመት እንዳለ የሚያውቅ አካል ያስፈልጋል። ይህን ከመሪዎች የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስለሆነም መሪዎች ሊያከናውኑት የሚገባ ሥራ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የውሻና የድመት መዝገብ ይዞ የክትባት ቀን እንዲወሰን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጋር መነጋገር ይገባል። ሁለተኛ፣ ከአውሬ ጋር የተናከሰ የቤት እንስሳ ሁሉ ቀኑ እንዲመዘገብ ማድረግ ያሻል፤ ከ2 ወር በኋላ እንቆቅልሹን የሚፈታው ይህ ቀን ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። ሰው የነከሰች ድመት 10 ቀን ተዘግቶባት ትጠበቃለች፤ 10ሩን ቀን በጤና ካለፈች በነከሰችበት ሰዓት በለሃጯ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። በአውሬ የተነከሰች ያልተከተበች ድመት ግን 10 ቀን አይበቃትም፤ ሐኪም እስኪወስን ለወራት ከሰውና ከእንስሳ ተለይታ መቆየት ይኖርባታል። የተጠረጠረች ድመት ከሞተችም ምርመራው የሚደረገው በአንጎል ላይ ስለሆነ ጭንቅላቷን መቀጥቀጥ አይገባም። ሬሳዋን በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ ውሻም እንዳይደርስበት ጠብቆ ለክሊኒኩ ማሳወቅ ነው።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ መጨመር አይረዳም። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ነገር ግን ቁስሉን ታጥቦና መርፌውን ጀምሮ ይሁን። መርፌውም ሐኪሙ እስኪጨርስ መቋረጥ የለበትም። ምልክቱ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተጀመረ መርፌ ግን ያድናል።

የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደጅ፣ የእድርና የገበያ ቀን ይህን ለማስተላለፍ የተመቹ ናቸው። አንድ ልጅ ድመት ቧጨረችኝ ብሎ ሲናገር እናቱ ሳትቆጣ ሳሙናና ውኃ የምታቀርብበት፣ አባቱም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው መንደር ከተፈጠረ፣ የመሪዎቹ ሥራ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።