ተማሪው ልብ ወለድ ሲጽፍ የቤተ ሰቡ ድርሻ

በዛሬው ዐምዳችን በሆሳዕና፥ በዱራሜ፥ በሾኔ፥ በዶዮገናና በአካባቢው ከተሞች ሁሉ ልጆቻቸውን ለከፍተኛ ትምህርት ያበቁ ወላጆች ቢያስቡበት የሚጠቅም አንድ ነገር ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ተማሪዎችና መምህራን አንድ ላይ ሆነው፥ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ልብ ወለድ ጽፈው ለመጨረስ ቢነሡ፥ ቤተ ሰብ በምን ሊረዳቸው ይችላል የሚል ነው።

ነገሩ በሌላ አገር የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ክሪስ ቤይቲ የተባለ ሰውና ጓደኞቹ፥ በጠቅላላው 21 ሰዎች፥ በአንድ ወር ውስጥ 50,000 ቃል ያለው ልብ ወለድ እንጽፋለን ብለው ተነሡ። ይህም በቀን 1,667 ቃል ያህል መጻፍ ማለት ነው። ከዓመት ወደ ዓመት ተሳታፊው እየበዛ ሄዶ በብዙ አገር ተስፋፋ፤ ለተማሪዎችና ለመምህራንም ልዩ ክፍል ተከፈተላቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን ማቆሙን አስታውቋል። ያስተማረው ነገር ግን አብሮት አልተዘጋም፤ ሰው የጀመረውን መጽሐፍ ሳይጨርስ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ችሎታ አንሶት ሳይሆን፥ የተቈረጠ ቀንና አብሮት የሚደክም ጓደኛ አጥቶ ነውና።

ለእኛም ቢሆን ይህ ልማድ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ከዚህም በላይ መምህሩ ራሱ አዲስ ቅኔ እየተቀኘ መንገዱን ያሳየዋል እንጂ በማረም ብቻ አይወሰንም። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ልማድ ቢከተሉ፥ ማለት ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው የራሳቸውን ድርሰት ቢጽፉና የዕለቱን ሥራ ቢያነቡላቸው፥ ተማሪው ከብዙ ምክር ይልቅ በዚህ ይበረታታል።

የቃሉ መጠን ግን እንዳለ መወሰድ የለበትም። እኛ «አልነገረችኝም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአምስት ቃል ይለዋል። ስለዚህ በአማርኛ 50,000 ቃል መጻፍ ከእነርሱ የበለጠ ሸክም ነው። በእኛ ግምት 20,000 ቃል በ40 ቀን ይበቃል፤ ይህም በቀን 500 ቃል፥ ወይም ሦስት የደብተር ገጽ ያህል ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ዕለት ዕለት የሚጻፍ ሦስት ገጽ መጽሐፍ ይሆናል።

በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊጽፍ የሚፈልገውንም ማገድ አይገባም። የሀዲያ ጎረቤት ከሆነው ከጉራጌ አገር የተገኙት ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «የሽነጋ መንደር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን መጀመሪያ የጻፉት በጫሃ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመውት፥ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። አንድ ወጣት ደራሲ የመንደሩን ኑሮ በመንደሩ ቋንቋ ሲጽፍ፥ አንድ ሊቅ በትዕግሥት ቢያግዘው ሥራው ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው። በሀዲይኛና በከምባትኛ የሚያስበው ልጅም እንዲሁ ሊደርስ ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች «ልብ ወለድ ያልተደረገ ነገር ነውና ውሸት መጻፍ አይሆንም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅና ስለ ደጉ ሳምራዊ በምሳሌ ማስተማሩን ያስታውሱ። ምሳሌው እውነቱን ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ ነው። ውሸታም ሰው ሊያታልል ይናገራል፤ ደራሲ ግን ልብ ወለድ መሆኑን አስቀድሞ ለአንባቢው ነግሮ ይጀምራል።

ሌሎች ደግሞ «የቤታችንን ገመና አደባባይ ያወጣብናል» ብለው ይሰጋሉ። ይህ ሥጋት በከንቱ የሚጣል አይደለም። ከእነዚህ ከተሞች ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ በአስጨናቂ መንገድ መሄዳቸው የታወቀ ነው፤ ልጁን የሸኘ ቤት ሁሉ የማይናገረው ነገር አለው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የተነገረላቸው የ64 ሰዎች ሬሳ ተገኘ። ዜናው 64 ብሎ ቈጠራቸው። አንዱ ከቤት ሲወጣ እናቱ ምን እንዳለችው፥ አባቱ ለስንቁ ምን እንደ ሸጠ፥ ታናሽ እኅቱ ስንት ሌሊት በሩን እንደ ጠበቀች ግን ቍጥሩ አይነግረንም። ይህን ሊነግረን የሚችለው ነገሩን ከቅርብ የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ልጁን ዝም ከማሰኘት፥ ስምና መንደር እንዲለውጥ፥ የሌላ ሰው ምስጢር ከሆነም አስቀድሞ ባለቤቱን እንዲያስፈቅድ መምከር ይሻላል።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ በቀን አንድ ሰዓት ያስከብርለት፤ በዚያች ሰዓት መልእክት አይላክ፥ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑም ዝም ይበል። ሁለተኛ፥ ይህ ለሴት ልጅ ይበልጥ የተገባ ነው። ከትምህርት ስትመለስ የወጥ ቤቱ ሥራ ሁሉ እርስዋን የሚጠብቃት ከሆነ የምትጽፈው በእንቅልፏ ሰዓት ነው፤ ወንድሞችዋ ውኃ ቢቀዱና ዕቃ ቢያጥቡ ክብራቸው አይቀንስም። ሦስተኛ፥ አያቶች የሚያውቁትን ያጫውቱ፤ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ፥ ቆጮው እንዴት ተቀብሮ እንደሚብላላ፥ የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በመስከረም በልጅነታቸው እንዴት ይከበር እንደ ነበረ ይንገሩ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አራተኛ፥ ያልተፈጸመውን ደብተር ተደብቀው አያንብቡ፤ «ምን ያህል ብር ያስገኛል?» ብለውም አይጠይቁ።

በመጨረሻም 40ው ቀን ሲፈጸም፥ ጽሑፉ ጎደሎ ቢሆንም፥ ከቡና በኋላ አንድ ምዕራፍ ያስነብቡት። መምህሩ ቃላቱን ያርምለታል፤ እናንተ ግን ስለምታውቁት ኑሮ «እንዲህ ነበር»፥ «እንዲህስ አልነበረም» በሉት። ከማንኛውም ሽልማት ይልቅ ለሚቀጥለው ምዕራፍ የሚያበረታው ይህ ነው።