ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፦ ልጁ ተረቱን ያውቃል፤ ሃያ አንዱን ቀን ማን ያስተምረው?

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲባል ሰምቶ ያላደገ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ለቸኮለ ይነገራል፤ ተስፋ ለቆረጠ ይነገራል፤ ፈተና ለወደቀ ተማሪም ይነገራል። የሚገርመው ግን ተረቱ ቃል በቃል እውነት መሆኑ ነው። እንቁላል 21 ቀን ይታቀፋል፣ ከዚያ እግር አውጥቶ ይሄዳል። ተረቱን ሺህ ጊዜ የሰማ ልጅ "በእነዚያ 21 ቀናት ውስጥ ምን ሆነ?" ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የጠየቀው ሰው የለም።

የደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ የሆነችው ፈረስ ቤት ብርዳም ደጋ ናት። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ዶሮ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከአልጋ ሥር ወይም ከጓዳ ጥግ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት አሮጌ ቅርጫት ውስጥ አንዲት ዶሮ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣለች። ልጁ እንዳይነካት ተነግሮታል። ብትነካት ትነቁራለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫጩቶቹ ሲወጡ ይደሰታል፤ ከሁለት ወር በኋላ ግማሾቹ የት እንደገቡ አያውቅም። ትምህርቱ እዚያው ቤቱ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው አለቀ። አስተማሪ ግን አልነበረውም።

ትምህርት ቤቱም በአብዛኛው አልነበረም። በ2012 ኮሮና ዘጋው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉን ያመሰው ግጭት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ደጋ ዳሞት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ቆይቷል። በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች የሚቆጠሩት በሚሊዮን ነው። በሁለቱ መዘጋት መካከል ያደገ ልጅ ስሙን መጻፍ ሳይችል ቁመቱ ከእረኛ በትር በልጧል። መጽሐፍ የለም፣ መምህሩም ደሞዙን ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል።

ዶሮዋ ግን አልዘጋችም። በየቤቱ፣ በየወቅቱ፣ ያለ ደሞዝና ያለ በጀት ለ21 ቀን የሚቆይ የሳይንስ ትምህርት ትሰጣለች። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ቀላል ነው፤ ይህን ትምህርት የሚያየው ልጅ ነውና የሚያስረዳው ሰው ይኑር።

እንቁላሉ ውስጥ ምን አለ?

ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከመነሻው ነው። ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልጋትም። አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ነው። ያልዳበረ እንቁላል 21 ቀን ቢታቀፍም ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። በየሱቁ የሚሸጠው የእርባታ ድርጅት እንቁላል አብዛኛው አውራ ባልገባበት ቤት የተጣለ ነው፤ ስለዚህ ጫጩት አይወጣውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያስደስታል። ዶሮዋ እንቁላሎቿን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ትጥላለች። ታዲያ ጫጩቶቹ ለምን በአንድ ቀን ይወጣሉ? የመጀመሪያው እንቁላል ቀድሞ መፈልፈል አልነበረበትም? መልሱ ሙቀት ነው። በዳበረው እንቁላል አስኳል ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ሙቀት እስክታገኝ ድረስ እንደ ተኛች ትቆያለች። ዶሮዋ ስትታቀፍ ሁሉም ባንድ ቀን ይነቃሉ። ብልህ እናቶች ለማቀፊያ የሚሆነውን እንቁላል ሲመርጡ በጣም የቆየውን የሚተዉትም ለዚህ ነው፤ እንቅልፉ ከረዘመ ነጥቧ ሳትነቃ ትቀራለች።

ከዚያ በኋላ ያለው በቀን የሚቆጠር ነው። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ገደማ ልብ መምታት ይጀምራል። በሰባተኛው ቀን ማታ፣ ቤቱ ሲጨልም፣ የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ የስልክ መብራት ላይ አስጠግቶ ያየ ልጅ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮችንና መሐላቸው ያለች የምትንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ያያል። ምንም ያልታየበት እንቁላል ያልዳበረ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ላባ ይበቅላል። በ18ኛው ቀን አካባቢ ጫጩቷ ጭንቅላቷን በሰፊው ጫፍ ወዳለው የአየር ከረጢት ታዞራለች። በ20ኛው ቀን ከረጢቱን ቀድዳ የመጀመሪያውን አየር ትስባለች። ጆሮውን እንቁላሉ ላይ የጣለ ልጅ ከቅርፊቱ ውስጥ ስታፏጭ ይሰማታል፤ እናቲቱም ትመልስላታለች። በ21ኛው ቀን በምንቃሯ ጫፍ ባለች ትንሽ ጠንካራ ጥርስ መሰል ነገር ቅርፊቱን ሰብራ ትወጣለች። ያች ጥርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትረግፋለች፤ ሥራዋን ጨርሳለች።

ከመውጣቷ በፊት ደግሞ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። ስንቋ ነው። በዚያ ስንቅ ሁለት ቀን ያህል ሳትበላ መቆየት ትችላለች። የአንድ ቀን ጫጩቶች ከቢሾፍቱ በካርቶን ተጭነው ሩቅ አገር የሚደርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለማስተማር ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። ከ2,300 ዓመት በፊት አርስቶትል የታቀፉ እንቁላሎችን በየቀኑ አንድ አንድ እየሰበረ የልብን ምት እንደ ቀይ ነጥብ አይቶ ጽፏል። የጥንት ግብፃውያን በጭቃ ጡብ ምድጃ እንቁላል ሲያስፈለፍሉ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ባለሙያው እንቁላሉን ዐይኑ ቆብ ላይ አድርጎ ሙቀቱን ይለካ ነበር። የዛሬው መፈልፈያ ማሽን የሚሠራው በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የፈረስ ቤቷ ዶሮ ይህን ሙቀት ብርድ እየጠበሳት በደረቷ ትጠብቃለች። እንቁላሉንም በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣለች፤ ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃልና።

እናት የምታውቀው

እዚህ ላይ የከተማ ምሁር የሚሳሳተው ስሕተት አለ። እውቀቱ ከመጽሐፍ ወደ ገጠር የሚወርድ ይመስለዋል። የትኛዋ ዶሮ ጥሩ ታቃፊ እንደሆነች፣ ስንት እንቁላል እንደምትሸፍን፣ ክረምት ላይ የተፈለፈለ ጫጩት በብርድና በጭቃ እንደሚያልቅ የምታውቀው እናት ናት። አንዳንድ ቤት ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሽ ከሰል ወይም ብረት አብሮ ይቀመጣል። መምህሩ ቢስቅበት ትምህርቱ ይሞታል። "እስኪ አንዱን ቅርጫት ከነከሰሉ፣ ሌላውን ያለ ከሰል እናስታቅፍና እንቁጠር" ቢል ግን ልጁ ሳይንስ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ወር ይገባዋል። እናቱም አትናቅም።

ቁጥሩ የሚናገረው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፍስሃ ሞገስና ባልደረቦቻቸው በቡሬ ወረዳ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት የአካባቢውን ዶሮ በቁጥር አሳይቷል። አንዲት የአገር ቤት ዶሮ በዓመት ወደ 60 እንቁላል ትጥላለች። በአንድ ጊዜ ወደ 13 ትታቀፋለች። ከሚታቀፉት ከመቶ 82 ያህሉ ይፈለፈላሉ። ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግን እስከ ስምንተኛው ሳምንት የሚደርሱት ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ይህ የሂሳብ ጥያቄ ነው። 13 እንቁላል ታቀፈች፤ 11 ጫጩት ወጣ፤ ስድስት ወይም ሰባት ቀረ። አራት አምስቱ ሞቱ። ለእናቱ ደግሞ ይህ የደብተር፣ የጨው፣ የጋዝ ሒሳብ ነው።

እንግዲህ ችግሩ መፈልፈሉ ላይ አይደለም። መፈልፈሉን ዶሮዋ ትችልበታለች። ችግሩ ከተፈለፈለ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት ነው። በውጭ አገር ክፍል ውስጥ ማሽን አስገብቶ "ጫጩቷ ስትወጣ እዩ" ማለት ለከተማ ልጅ ድንቅ ነው። የጎጃም ልጅ ግን መውጣቷን አይቷል። እሱ መማር ያለበት ለምን እንደምትሞት ነው።

ለምን ትሞታለች? አንዱ ብርድ ነው፤ የደጋ ሌሊት ለራስ የማይበቃ ላባ ያላትን ጫጩት አይምርም። ሌላው ጭልፊትና ድመት ነው። ጥልቅ የውሃ ዕቃም ያሰምጣታል፤ ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ጣል ቢደረግበት ይህ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን ፈንግል ነው። ፈንግል ከገባ ቅርጫቱን ብቻ አይደለም፣ መንደሩን ያጸዳል።

ፈንግልን የሚያስገባው ማን እንደሆነ ልጁ ቢማር ደግሞ ቤተሰቡን ያድናል። ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ፣ ለበዓል የተገዛና ወዲያው ከሌሎቹ ጋር የተቀላቀለ ዶሮ፣ ሜዳ ላይ የተጣለ በድን በሽታውን ይዘው ይገባሉ። ዶሮ ማንቀላፋት ስትጀምር "ሳትሞት እንሽጣት" ብሎ ወደ ገበያ መሮጥ ደግሞ የራስን ጉዳት ለጎረቤት ማውረስ ነው። ይህ የሥነ ምግባር ትምህርትም ነው። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ሙቀትን የሚቋቋምና በዐይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት ያመርታል። አንድ ጠብታ፣ አንድ ዐይን። በየጥቂት ወሩም ይደገማል። የ10 ዓመት ልጅ ዶሮዋን ይዞ፣ ታላቁ ጠብ ሊያደርግ ይችላል።

የማትታቀፍ ዶሮ

በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዶሮን የመንግሥት አጀንዳ አድርጎታል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። የሚታደሉት ግን በአብዛኛው የተሻሻሉ የውጭ ዝርያዎች ናቸው። ብዙ እንቁላል ይጥላሉ፤ ይሁንና ብዙዎቹ የመታቀፍ ጠባያቸው በእርባታ ጠፍቷል። እንቁላሉን ለማስታቀፍ የአገር ቤት ዶሮ ወይም ማሽን ያስፈልጋል። መንገድ ሲዘጋ ካርቶኑ አይመጣም፤ መኖውም አይመጣም፤ ማሽን የሚያሠራ መብራትም አይታመንም። ያን ጊዜ ጫጩት የምታመጣው ያቺ የተናቀች ታቃፊ ብቻ ናት።

አገሪቱ ካሏት ዶሮዎች አብዛኞቹ የአገር ቤት ናቸው። ሐሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የሰሜን ምዕራቡን የጥሊሊን፣ የደብረ ኤልያስን፣ የሜጫን፣ የጓንጓን ዶሮዎች በየቦታቸው ለይተው መዝግበዋል። ልጁ በቤቱ ያለችው ዶሮ በሳይንስ የተጻፈች እንደሆነች አያውቅም። "ሐበሻ ዶሮ" ማለት "ደካማ ዶሮ" ማለት እየመሰለው ያድጋል። የተሻሻለውን መቀበል ጥሩ ነው፤ የራስን ሳያውቁ መቀበል ግን ገደሉን ሳያዩ መዝለል ነው።

"ልጆች ዳቦ ባጡበት ጊዜ ስለ ጫጩት ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው፤ ሰላም የሚተካው ነገር የለም። ትምህርት ቤት መከፈት አለበት፣ መምህር ደሞዙን ማግኘት አለበት። ጫጩት ትምህርት ቤትን አትተካም። ነገር ግን "ሁሉም ሰላም ሲመጣ" እያሉ ለልጅ የሚሰጡት ቀጠሮ "ዶሮ ማታ" ነው። ልጅነት ደግሞ አይጠብቅም። ለድሃ ቤት እንቁላል ውድ ስለሆነም ነው ነገሩ የሚያስፈልገው፤ ከ11 ጫጩት ዘጠኙ ቢተርፉ ትምህርቱ ዋጋውን ከፍሏል።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቢሮው አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጅ፤ 21 ቀን ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ከዚያም በስምንቱ ሳምንት ምን እንደሚደረግ በቀላል አማርኛ ይጻፍበት። መንገድ የተዘጋበትን ቀበሌ ሬዲዮ ይደርስበታል፤ በሳምንት 15 ደቂቃ ይበቃል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የክትባት ጠብታ ይዞ ሲመጣ ልጆቹን ሰብስቦ ያሳይ። ሥራ ያጣው መምህር በሰፈሩ ያሉትን አምስት ልጆች አንድ ቅርጫት ዙሪያ ያስቀምጥ። ማንበብ የሚችል ወላጅ ግድግዳ ላይ በከሰል 21 መስመር ያስምር፤ ልጁ በየቀኑ አንድ ይሰርዝ። ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያ፣ የመጀመሪያው የምልከታ መዝገብ ያ ይሆናል።

በ21ኛው ቀን ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ልጁ "ወጣች!" ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ "ነገ ሌሊት ብርዱን እንዴት ታልፋለች?"