መጠይቁ ከተሞላ በኋላ

በአገራችን የሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፎች ርዕስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የሕመሙ ስም ይመጣል፤ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ድኅረ አደጋ ጭንቀት። ቀጥሎ «ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ» ይባላል። ከዚያ የተጠኑት ሰዎች ማንነት፣ በመጨረሻ የቦታው ስም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በዚያ መጨረሻ ላይ ወልድያ፣ ቆቦ፣ ደሴ እያሉ የወሎ ከተሞች መደርደር ጀምረዋል። መጠናታቸው አይከፋም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ርዕሱ ላይ ስሟ የሰፈረው ከተማ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ምን ይቀራታል?

ይህን የምጽፈው ሳይኮሎጂ የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ስላለ ነው። ቴሲስ ይሻላል ወይስ ኢንተርንሺፕ? በሌላው ዓለም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። እኛ ጋ በአብዛኛው ቴሲስ ግዴታ ነው። የተግባር ልምምዱ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ላይ ጠንከር ይላል፤ በሌሎቹ ዘርፎች ግን አንድ ኮርስ ሆኖ፣ የምስክርነት ደብዳቤ ተጽፎለት፣ ማኅተም ተመትቶበት ያልፋል። ምርጫው ይምጣ ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ምርጫው እንዲሁ ቢመጣ የሚያመጣውን ጉድ አስቀድሞ ማየት ይበጃል፤ ለማየት ደግሞ ጋሸና ጥሩ ቦታ ናት።

ጋሸናን መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የደጋ ነፋስ የሚገርፋት የመገንጠያ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን የታጠፈ ላሊበላ ይገባል፣ ወደ ደቡብ የታጠፈ በኮን በኩል ወደ ደላንታ ያልፋል። በሰላም ጊዜ መገንጠያነቷ እንጀራዋ ነው። በጦርነት ጊዜ ግን መዘዝ ሆነባት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ሲይዙ ጋሸናም በእጃቸው ገባች፤ መንግሥት መልሼ ያዝኳት ያለው ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ወራት «የጋሸና ግንባር» በየዜናው ይጠራ ነበር። በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ በምትገኘው ነፋስ መውጫ ደግሞ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያነጋገራቸው 16 ሴቶች በሕወሓት ተዋጊዎች የደረሰባቸውን መደፈር ተናግረዋል። ያ ጦርነት ቆመ ሲባል የአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለዚህ አገር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ቦታ የሳይኮሎጂ ተማሪ መጠይቁን ይዞ ይመጣል እንበል። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው፤ እኛም አገር በአማርኛ ተሞክሯል። 9 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብሎ ይጀምራል። የገበሬ ሚስት የሆነች እናት ሁለት ሳምንት ብላ አትቆጥርም፤ ብልኅ ጠያቂ «ከሚካኤል ወዲህ» ቢላት ወዲያው ትገባበታለች። ከዚያ አማራጩን ይዘረዝርላታል፤ በጭራሽ፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። እሷ ግን መልሷን በአማራጭ አትሰጥም። ልጇ የቀረበትን ቀን፣ እህሉ የተጫነበትን ሌሊት፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ እንዳልዞረ ትተርካለች። ተማሪው ጨዋ ከሆነ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና «እንቅልፍ» በሚለው አንጻር 3 ይጽፋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘት ነው። እዚያም 3 ከሆነ፣ ቀጥሎ ምን ያደርጋል?

መልሱን የሚወስነው ከተማሪው ኋላ ማን እንዳለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአደጋና በግጭት ቦታ ስለ ጾታዊ ጥቃት መረጃ ከመሰብሰብ በፊት ለተጠቂዋ መሠረታዊ ሕክምናና ድጋፍ በአካባቢው መኖር አለበት ይላል። ከመጠየቅ በፊት፤ ከጠየቁ በኋላ አይደለም። ለድብርት መጠይቅም ያው ይገባዋል። የኛ ተማሪዎች ፕሮፖዛል ላይ ይህ «ችግር ያለባቸው ተጠያቂዎች ወደ ሕክምና ተቋም ይላካሉ» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ወዴት ነው የሚላኩት? የመሳፈሪያው ከየት ይመጣል? መንገዱ በዚያን ቀን ክፍት ነው ወይ?

ቴሲስን ለማጥላላት እንዳይመስል ስለ ጥቅሙም ልናገር። አንድ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ጥያቄ አንስቶ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ «ይህን ያህል አውቃለሁ፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም» ብሎ በፈታኞች ፊት መቆሙ ትልቅ ትምህርት ነው። ሰውን የሚያክም ባለሙያ የራሱን ግምት የመጠራጠር ልማድ ከሌለው አደገኛ ነው፤ ያንን ልማድ ከጥናት በላይ የሚያስተምር የለም። ዶክትሬት የሚያስብ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር የሚፈልግም ያለ ቴሲስ በሩ ይጠብበታል። ሆኖም በየዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች መስታወት ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚለውን ወረቀት ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ማማከር የተባለው ምን እንደሆነም ሁላችን እናውቃለን። ከምዕራፍ አንድ እስከ አምስት፣ ከነኤስፒኤስኤስ ትንተናው፣ በዋጋ። ሁሉን በግድ ቴሲስ አስጽፎ ግማሹን ገበያ ላይ መጣል ለምርምርም ውርደት ነው። መጻፍ የሚፈልገው ብቻ ቢጽፍ፣ አማካሪውም ጥቂት ተማሪዎችን በቅጡ ቢያይ፣ ያለው ቴሲስ ራሱ ይሻሻላል።

ክርክሩ የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖቹ በ1949 እ.ኤ.አ. ቦልደር በምትባል ከተማ ተሰብስበው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም አካሚም መሆን አለበት ብለው ወሰኑ። በ1973 ቬይል ላይ ደግሞ ተግባርን ያስቀደመ ሥልጠናም ራሱን ችሎ ይቁም አሉ። እስከ ዛሬ ሁለቱም አሉ፣ ይከራከራሉም። እኛ የወረስነው የክርክሩን አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ያውም ቦልደር ላይ ግማሹ ልምምድ እንደነበር ረስተን።

ኢንተርንሺፕ ይመረጥ ስል የማስበው ግን አሁን እንዳለው ዓይነቱን አይደለም። ልምምዱን ልምምድ የሚያደርገው አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ለዚህ ከቤታችን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል። በአዲሱ አሠራር የቶሮንቶ መምህራን በየተራ እየመጡ ወር ያህል ይቀመጡ ነበር፤ ያስተምራሉ፣ ከሠልጣኞቹም ጋር በሽተኛ ያያሉ። ሠልጣኙ ሲሳሳት ያየው ሰው ነበረው። ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ቀጥለው ሌሎችን ማሠልጠን ያዙ። ገንዘቡም መምህሩም ከሩቅ መጥቷል፤ ቁም ነገሩ ግን ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ብቻውን አለመላኩ ነው።

የሳይኮሎጂ ተማሪ ኢንተርንሺፕ ወጣ ሲባል በአብዛኛው የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ተቋሙ ይቀበለዋል፣ አንድ ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ተቋሙ ውስጥ ከሱ በላይ ሳይኮሎጂ የተማረ የለም። መምህሩ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ በስልክ ይገኝ ይሆናል፣ ኔትወርክ ካለ። ሁለት ወር ቆይቶ የምዘና ቅጹን የሚሞላለት የተቋሙ ኃላፊ ነው፤ ሁሉንም «እጅግ በጣም ጥሩ» ይለዋል፣ ልጁ ሰው አክባሪ ስለሆነ። በዚህ መሐል ያች 3 ያስሞላች እናት መጥታ ከፊቱ ብትቀመጥ ብቻውን ነው። ቴሲስ የሚጽፈው ልጅ ቢያንስ ሰምቶ ይሄዳል። ይሄኛው ግን አክማለሁ ብሎ ቁስል ይከፍትና መዝጋት ያቅተዋል። በተገዛ ቴሲስ የሚጎዳው ዲግሪው ነው። ጠባቂ የሌለው ልምምድ የሚጎዳው ሰውን ነው።

በትንሽ ከተማ ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቴሲስ ላይ ተጠያቂዋ ኮድ 047 ልትሆን ትችላለች። ጋሸና ጤና ጣቢያ የምክር ክፍል ውስጥ ግን የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እህት ናት፤ ከክፍሉ ስትወጣ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ያውቋታል። ማታውን ወሬው ቡና ላይ ይደርሳል። ይህን የመማሪያ መጻሕፍቱ ብዙም አያነሱትም፤ የተጻፉት ሰው ለሰው በማይተዋወቅበት ከተማ ነው። የምክር ክፍሉን በር ከእናቶችና ሕፃናት ክፍል ጋር አንድ ማድረግ፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈውን መምረጥ፣ የነፍስ አባት ልኳት እንደሆነ ለሳቸው ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር መለየት፤ እነዚህ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ከሚያውቅ ጋር እየተማከሩ ብቻ የሚለመዱ ናቸው። ጠበሉም ሌላው ነው። በአካባቢው በአእምሮ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወሰደው ጠበል ነው፤ ከካህናቱና ከአስታማሚዎቹ ጋር ተግባብቶ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥ ማድረግን የቻለ ተማሪ፣ ለኔ፣ ዲፌንስ አድርጓል።

«ባለሙያ በሌለበት ማን ይቆጣጠር?» የሚለው መቃወሚያ እውነት አለው። ግን ሐራሬን እንይ። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚው ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ሕክምናው ሳይደርሳት ራሷን ካጠፋች በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ምባሬ በተባለው ሰፈር 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ሥራው የወዳጅነት ወንበር ተባለ። አሮጊቶቹ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የሚጠይቁት ባለሙያ ግን ነበራቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በወንበሩ የታገዙት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ እንደተሻላቸው አሳየ። ተግባሩ ቀድሞ ምርምሩ እንደተከተለ ልብ ይሏል።

የኛም ዩኒቨርሲቲዎች የሐኪም ቁጥር እስኪሞላ መጠበቅ የለባቸውም። ወልድያም ላሊበላም ሆስፒታል አለ፤ ደሴ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የባሕር ዳርና የጎንደር የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ከነዚህ ጋር ቢዋዋሉ፣ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ከመበተን ሦስት አራቱን በአንድ ላይ ቢመድቡ፣ መምህሩም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን አብሯቸው ቢውል ነገሩ ይጀመራል። የመምህሩ አበል ከየት ይመጣል የሚሉ፣ ለቴሲስ ፈታኝ ከሌላ ከተማ ሲመጣ አበሉ ከየት እንደሚመጣ ያውቁታል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ልምምዱ ይቋረጥ እንጂ ተማሪው ብቻውን አይቀጥል። የተማሪው የቤት ኪራይና ምግብ ነገርም አለ፤ ኢንተርንሺፕ ደመወዝ የለውም፣ የደሀ ልጅ ይህን ምርጫ የሚመርጠው ማደሪያ ሲኖረው ብቻ ነው። በመጨረሻም ለልምምዱ የሚሰጠው ዲግሪ ከቴሲሱ እኩል ይቆጠር፤ ተማሪውም ያያቸውን ሰዎች ስማቸውን ሰውሮ የሠራውንም የሳተውንም ጽፎ በቦርድ ፊት ይከራከርበት። ይህ ከሌለ የሰነፎች መውጫ ነው ይባላል፣ እውነትም ይሆናል።

ምርጫው ከወዲሁ ለቀረበልሽ ወይም ለቀረበልህ ተማሪ የምለው አጭር ነው። ኢንተርንሺፑን ከመምረጥ በፊት የትምህርት ክፍሉን ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተቆጣጣሪያችሁን ስም፣ የምትገናኙባቸውንም ቀናት። ሁለቱንም ከሰጧችሁ ወደ ጋሸና ሂዱ፣ ሥራ አለ። ካልሰጧችሁ ቴሲሱን ምረጡ፤ ራሳችሁም ጻፉት።