የአፈሩን እርጥበት ማወቅ ድርቅን ቀድሞ መገኘት ነው

የሰው ልጅ ታሪክ አንዱ ታላቅ ምዕራፍ ከተፈጥሮ ጋር ያካሄደው ያላቋረጠ ትግል ነው። ሰው ወንዝን ገድቦ፣ ብረትን አቅልጦ፣ በሽታን ተከላክሎ ከተፈጥሮ ቁራኛነት ደረጃ በደረጃ ሊላቀቅ የቻለው የሚታገለውን ኃይል ባሕርይ አስቀድሞ በማጥናቱና በመለካቱ ነው። ያልተለካ ነገር አይታቀድም፤ ያልታቀደም ነገር ለአጋጣሚ የተተወ ነው። ከዚህ መሠረታዊ ሐሳብ ተነሥተን ስንመለከተው፣ አብዛኛው ሕዝቧ በዝናብ እርሻ በሚኖርባት በሀገራችን በአፈር ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት በሳይንሳዊ ዘዴ መከታተል ለጥቂት ሊቃውንት የሚተው ጉዳይ አይደለም። የገበሬውም፣ የሠራተኛውም፣ የከተማ ነዋሪውም የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለ ድርቅ በተነሣ ቁጥር ዐይናችን የሚያማትረው ወደ ሰማይ ነው። ዝናቡ ጣለ ወይስ ዘገየ ብለን እንጠይቃለን። ይሁን እንጂ ሰብል ውሃ የሚጠጣው ከአፈር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዶፍ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲያርፍ ለም አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ያው ዝናብ በእርከን በተያዘ ማሳ ላይ ቢወርድ ግን ወደ ሥር ሰርጎ ቡቃያውን ለቀናት ያቆያል። ስለሆነም የዝናብ መለኪያው ተመሳሳይ ቁጥር ካሳየባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ጎተራውን ሲሞላ ሌላው እጁን ለእርዳታ ሊዘረጋ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አፈሩ ተቀብሎ የያዘው ውሃ ነው።

ረሀብ በአንድ ጀምበር አይመጣም። በቅድሚያ አፈሩ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ከዚያም ከብቱ ይከሳል፤ የከብት ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ይንራል፤ በመጨረሻም ሰው ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የመጀመሪያው ቀለበት አፈሩ ነው። የመጨረሻውን ቀለበት ዐይቶ የሚነቃ ኅብረተሰብ ሁልጊዜ እንደዘገየ ይኖራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ የዘውዱ አገዛዝ እልቂቱን ከዓለም ለመሸሸግ ሞከረ። በ1977 ዓ.ም. መባቻም፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ወታደራዊው መንግሥት በአሥረኛው ዓመት በዓሉ ሽር ጉድ ተጠምዶ ነበር። በሁለቱም ጊዜ አፈሩ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ የጎደለው የሚሰማና የሰማውን በይፋ የሚናገር ነበር። በአንጻሩ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ቢያስፈልገውም የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልተደገመም። ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መድረሱና ዝግጅት መኖሩ ነው።

የአፈርን እርጥበት የመመርመር ጥበብ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት አፈሩን በጭብጡ ጨምቆ፣ ይጣበቃል ወይስ ይፈረፈራል ብሎ ይፈትናል። በዋልካ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ውሃን ይዞ እንደሚቆይ በትውልድ ልምድ ያውቃልና። ሳይንስ ይህን ልምድ በቁጥር ያጸናዋል። በቤተ ሙከራ አንድ የአፈር ናሙና ከተመዘነ በኋላ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ24 ሰዓት ያህል ደርቆ እንደገና ይመዘናል፤ የክብደቱ ልዩነት የውሃው መጠን ነው። ይህ ዘዴ አስተማማኝ ቢሆንም አዝጋሚ ነው። በመሆኑም በመሬት ውስጥ ተቀብረው በኤሌክትሪክ ምልክት የሚለኩ መሣሪያዎች ተፈለሰፉ። አሠራራቸው የውሃና የደረቅ አፈር የኤሌክትሪክ ባሕርይ እጅግ በመራራቁ ላይ የተመሠረተ ነው። የውሃው መለኪያ ቁጥር ወደ 80 ሲጠጋ የደረቅ አፈር ግን ከ5 እምብዛም አይበልጥም። አፈሩ በራሰ መጠን ምልክቱ ይለወጣል።

ከዚህም አልፎ የሰው ልጅ የአፈርን እርጥበት ከጠፈር መመልከት ችሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 አውሮፓውያን ስሞስ የተባለችውን ሳተላይት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አሜሪካውያን ስማፕ የተባለችውን ሳተላይት ለዚሁ ተግባር ወደ ሕዋ አምጥቀዋል። ሁለቱም ከመሬት የሚመነጨውን ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር በመቀበል ደመና ሳያግዳቸው ይለካሉ። ነገር ግን ወሰናቸውን ማወቅ ይገባል። የሚያዩት የላይኛውን 5 ሴንቲሜትር ያህል አፈር ነው፤ የሰብል ሥር ግን ከዚያ በታች ጠልቆ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ የሚለኩትም ወርድና ቁመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ስፍራ በአማካይ ነው፤ ደጋውንም ቆላውንም፣ ተዳፋቱንም ሜዳውንም በአንድ ቁጥር ያጠቃልላል። የሀገራችን ገበሬ ማሳ ግን በሄክታር ስባሪ የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ከሰማይ የተለካው ከምድር በተለካው መመርመርና መታረም አለበት። ይህን ተግባር አንድ ሀገር ብቻዋን ልትወጣው እንደማትችል የተረዱ ተመራማሪዎች በቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፍ የአፈር እርጥበት መረብ መሠረቱ። መረቡ በየሀገሩ በመሬት ላይ የተለኩ መረጃዎችን ሰብስቦና አስተካክሎ ለፈለገ ሁሉ ያቀርባል። በዚህ መረብ ላይ የበለጸጉት ሀገሮች ጣቢያዎች እንደ አሸን ሲፈሉ የአፍሪካ ድርሻ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው። የእኛን አፈር የሚተነብየው ስሌት በሌላው አፈር ላይ የተፈተነ ይሆናል። ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን የሚገመተው፣ ሲረጥብ የሚያጥለቀልቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ዋልካችን የራሱን ጠባይ በራሱ ምድር ላይ ካልተጠና በስተቀር በባዕድ ልኬት ሊገለጥ አይችልም።

በዚህ ረገድ ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። የግብርና ምርምር ተቋም በ1958 ዓ.ም.፣ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ተመሥርተዋል። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ወደ ሕዋ መጥቃለች። የጎደለን መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ጉድለት የቅንጅት ነው። አንዱ ተመራማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ክረምት የለካው እርጥበት በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አንዱ ፕሮጀክት የተከለው መለኪያ ገንዘቡ ሲያልቅ ባትሪ የሚቀይርለት አጥቶ ዝገት ይበላዋል። በሕዝብ ገንዘብ የተገኘን መረጃ እንደ ግል ርስት አጥሮ መያዝ፣ ከጎተራ እህል ደብቆ በችግር ጊዜ ከመሸጥ በምን ይለያል? ሁለቱም የሕዝብን ሲሳይ ለጥቂቶች ማድረግ ነው።

ምርምር ከአምራቹ ጋር ሲተባበር ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከቆጋ መስኖ መማር ይቻላል። ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ በታቀደው በዚህ መስኖ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው በሥር አካባቢ የሚቀበር ቀላል መሣሪያ ሞክረዋል። ውሃው ሰርጎ ከመሣሪያው ሲደርስ በላይ በኩል ምልክት ብቅ ይላል፤ ገበሬውም ቦዩን መዝጋት እንዳለበት ያውቃል። ውሃ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ከሥር አልፎ የሚወርደው ውሃ በውድ የተገዛውን ማዳበሪያ አጥቦ ይዞት ይሄዳል፤ በቦዩ ግርጌ ያለውም ጎረቤት ውሃ ያጣል። እዚህ ላይ መለካት ቁጠባን ብቻ ሳይሆን በውሃ ተጠቃሚዎች መካከል ፍትሕንም ያመጣል።

ከዚህ የሚመነጩ ተግባሮች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያ፣ በየሥነ ምህዳሩ ከደጋ እስከ ቆላ ቋሚ የአፈር እርጥበት መለኪያ ጣቢያዎች መተከልና ከፕሮጀክት ዕድሜ በላይ የሚዘልቅ በጀትና ጠባቂ ሊኖራቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ማዕከሎችና የሜትዎሮሎጂ ሠራተኞች የለኩትን በአንድ ቋት አኑረው ለሕዝብ ክፍት ማድረግ፣ ለዓለም አቀፉም መረብ ማካፈል አለባቸው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በየአካባቢው ቋንቋ፣ ገበሬው በሚገባው መልክ፣ የመዝሪያው ጊዜ ሳያልፍ ሊደርሰው ይገባል። ከመከር በኋላ የደረሰ ትንበያ ታሪክ እንጂ ትንበያ አይባልም።

ይህ ሁሉ የገጠር ጉዳይ ነው ብሎ ወደ ኋላ የሚል የከተማ ሠራተኛ ቢኖር የጤፍን ዋጋ ያስታውስ። በገበያ የምንሰማው የዋጋ ንረት አንዳንዴ ከወራት በፊት በደረቀ ማሳ ላይ የተጀመረ ነው። በየጋራዡና በየብረታ ብረት ወርክሾፑ የሚሠራው ወዛደር ከውጭ ተገዝተው በመጠነኛ ብልሽት የተጣሉ መለኪያዎችን የመጠገን፣ ቀላሎቹንም በሀገር ውስጥ የመሥራት ችሎታ አለው። ምርምሩ ይህን ጉልበት ሊጠራው ይገባል። የሰፈር ነዋሪ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ የተተከሉ ችግኞች የሚጸድቁት ከተከላው ቀን ፎቶግራፍ በኋላ በሚደረግላቸው ክትትል ነው። ከማጠጣት በፊት አፈሩን አንድ ጣት ያህል ቆፍሮ ማየት፣ የረጠበውን ትቶ ለደረቀው ማጠጣት፣ ይህንኑ በየሳምንቱ መመዝገብ ማንኛውም የማኅበር አባል ሊሠራው የሚችል የክትትል ተግባር ነው።

ድርቅን ማስቀረት ዛሬ በእጃችን ላይ አይደለም። ድርቁ ረሀብ እንዳይሆን ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ለዚህም አፈሩ የሚሰጠውን ምልክት በጊዜው መስማት፣ የሰሙትንም ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል። የገበሬው ጭብጥ፣ የተመራማሪው መለኪያና በሕዋ የምትዞረው ሳተላይት በአንድ ዓላማ ሥር ሲሰለፉ፣ ማስጠንቀቂያው ሰው በመንገድ ላይ ከመውደቁ በፊት፣ ገና ቡቃያው ሳይጠወልግ ይደርሳል። በመካከል የሚገኙት ሳምንታት እህል የሚጓጓዝባቸው፣ መኖ የሚከማችባቸው፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር የሚታደልባቸው ናቸው። የእነዚያን ሳምንታት ዋጋ ይህ ሕዝብ በውድ ከፍሎ ያወቀው ስለሆነ ዳግመኛ በከንቱ ሊያልፉ አይገባም።